የድምፅ አውታሬ አይንቀሳቀስም ተባልኩ፤ ታዲያ ደረቴን ለምን ሲቲ ስካን ልነሣ?

ጥያቄ፦ «የ41 ዓመት መምህርት ነኝ፤ የምኖረው ደሴ አካባቢ ነው። ድምፄ ከሻከረ 10 ሳምንት አልፎታል። መጀመሪያ ብርድ የመታኝ መስሎኝ ነበር። ክሊኒክ ሄጄ አሞክሳሲሊን ሰጡኝ። ቀጥሎ ጨጓራ ነው ተባልኩና ኦሜፕራዞል ወሰድኩ። ለውጥ የለም። ድምፄ አየር አየር ይላል፤ ከሰዓት በኋላ ጭራሽ ይጠፋል። ውሃ ስጠጣ ትን ይለኛል። ዳገት ስወጣም ትንፋሽ ያጥረኛል። በመጨረሻ ከአንገት በላይ ሐኪም ጋ ሄድኩ። በአፍንጫዬ ካሜራ አስገብቶ አየና የግራ የድምፅ አውታርሽ አይንቀሳቀስም አለኝ። የአንገትና የደረት ሲቲ ስካን አዘዘ። ቀዶ ሕክምና ተደርጎልኝ አያውቅም። ቤተሰቦቼ ግን ሽባ ከሆነ ነገሩ ከጭንቅላት ነው፣ ገንዘብሽን ለጭንቅላት ኤም አር አይ አውጪው ይላሉ። እናቴ ደግሞ እንጥልሽ ወርዶ ነው፣ ይቆረጥ ትላለች። ለጉሮሮ ሕመም ደረት ምን አገባው? የቱን ልስማ?»

መልስ፦ ሐኪምዎን ይስሙ። ሲቲ ስካኑን ይነሡ፤ ደረቱ እንዳይቀር። የጭንቅላት ኤም አር አይ ለጊዜው ይቆይ። እንጥልዎንም ማንም እንዳይነካው።

«የድምፅ አውታር አይንቀሳቀስም» ማለት የበሽታ ስም አይደለም። ምልክት ነው። ትኩሳት ብቻውን በሽታ እንዳልሆነው ሁሉ፣ ከዚህም ጀርባ አንድ ምክንያት አለ። እስካሁን የተደረገልዎ ምርመራ አውታሩ መቆሙን ነግሮናል። ለምን እንደቆመ ገና አልነገረንም። ሥራው የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። ብዙ ሰው ደግሞ እዚህ ላይ ያቆማል። «ሽባ ሆኗል፣ ይለቅቃል» ተብሎ ወደ ቤቱ ይሄዳል። ከዓመት በኋላ በሌላ ሕመም ሲመጣ ነው ምክንያቱ የሚገኘው።

ደረት ምን አገባው ላሉት መልሱ ነርቩ የሚሄድበት መንገድ ነው። የድምፅ አውታሮችን የሚያንቀሳቅሱት ጡንቻዎች ትእዛዝ የሚቀበሉት ቬገስ ከሚባለው 10ኛው የራስ ቅል ነርቭ ነው። ይህ ነርቭ ከአንጎል ግንድ ይነሣል፤ በራስ ቅል ሥር ባለ ቀዳዳ ይወጣል፤ ከአንገት ትልቁ ደም ቅዳ ጎን ለጎን ይወርዳል። ለድምፅ አውታሩ የሚሆነው ዋናው ቅርንጫፍ አውታሮቹ ያሉበት ማንቁርት አጠገብ ሲደርስ ቀጥ ብሎ አይገባም። አልፎት ይሄዳል። በቀኝ በኩል ወደ ክንድ የሚሄደውን ደም ቅዳ ከሥሩ ዞሮ ይመለሳል። በግራ በኩል ግን ደረት ውስጥ ይገባል። ከልብ የሚወጣውን የአኦርታን ቅስት ከሥር ይዞራል። ከዚያ በአየር ቧንቧና በምግብ ቧንቧ መካከል ባለው ስንጥቅ ሽቅብ ይወጣል፤ ከታይሮይድ እጢ ኋላ አልፎ ማንቁርት ውስጥ ይገባል። ተመላሽ ነርቭ የተባለው ለዚህ ነው። በ2ኛው ክፍለ ዘመን የነበረው ሐኪሙ ጋሌን እንኳ ያውቀው ነበር። ይህን ነርቭ ሲቆርጥባቸው አሳማዎች መጮህ እንደሚያቆሙ ለሰው አሳይቷል።

እንግዲህ የግራው ነርቭ ከቀኙ ይረዝማል። ከልብ፣ ከትልልቅ የደም ሥሮች፣ ከግራ ሳንባ፣ ከምግብ ቧንቧና ደረት ውስጥ ካሉ ንፍፊቶች ጋር ይጎራበታል። ከእነዚህ አንዱ ሲያብጥ ወይም ሲጎትተው የሚቆመው ደረት ሳይሆን የድምፅ አውታር ነው። የግራው ከቀኙ ይልቅ በብዛት የሚጎዳውም በዚህ ምክንያት ነው። የእርስዎም የቆመው የግራው ነው። አንገትን ብቻ አይቶ ማቆም የነርቩን ግማሽ መንገድ ሳያዩ መቅረት ነው።

አሁን ወደ ጭንቅላቱ። ቤተሰብዎ «ሽባ» የሚለውን ቃል ሲሰሙ ስትሮክ ታያቸው። ይገባኛል። ግን እያንዳንዱ የድምፅ አውታር ከአንጎል ከሁለቱም ጎኖች ትእዛዝ ያገኛል። ስለዚህ እጅና እግርን የሚያዝለው የተለመደው ስትሮክ አንዱን አውታር ብቻ ለይቶ አያቆምም። ሊያቆም የሚችለው ጉዳቱ የአንጎል ግንድ ላይ ከሆነ ነው። ያኔም ብቻውን አይመጣም። በድንገት ይጀምራል፤ ማዞር፣ ሲራመዱ መንገዳገድ፣ ፊት ላይ መደንዘዝ፣ መዋጥ ማቃት አብሮ አለ። ከራስ ቅል ሥር ያለ ዕጢም ነርቩን ሊይዝ ይችላል። እሱም ቢሆን ጎረቤት ነርቮችን አይምርም። አፍዎን ከፍተው «አ» ሲሉ የላንቃዎ አንዱ ጎን ይወርዳል። ምላስ ሲወጣ ወደ አንድ ጎን ይጠማዘዛል። ትከሻ ማንሣት ያቅታል። ምግብ በአፍንጫ ይመለሳል። ከእነዚህ አንዱ እንኳ ካለ ኤም አር አይ ከፊት ይቀድማል፤ እኔም ያለማመንታት አዛለሁ። እርስዎ በጻፉት ውስጥ ግን አንዱም የለም። ሐኪምዎ ላንቃዎንና ምላስዎን ማየቱን ይጠይቁት። አንድ ደቂቃ አይፈጅም።

እንጥሉን በተመለከተ አጭር ነው የምለው። እንጥል ከድምፅ አውታር በላይ፣ ሌላ ቦታ ነው ያለው። ቢረዝምም ቢያጥርም አውታርን አያቆምም። ማስቆረጥ ደም ያፈስሳል፤ ኢንፌክሽን ያመጣል፤ አውታሩን ግን አያስነሳም። እናትዎን በፍቅር እምቢ ይበሏቸው።

ሐኪሞችም የምንሳሳትበት ቦታ አለ፤ ልሸፍነው አልፈልግም። ድምፁ ለሻከረ ሰው ሁሉ አንቲባዮቲክ፣ ቀጥሎ የጨጓራ መድኃኒት መስጠት ልማድ ሆኗል። እ.ኤ.አ. በ2018 የታደሰው የአሜሪካ ከአንገት በላይ ሐኪሞች አካዳሚ መመሪያ በዚህ ላይ ግልጽ ነው። ለመሻከር ብሎ አንቲባዮቲክ በልማድ አይሰጥም። ማንቁርት ሳይታይ የጨጓራ አሲድ መድኃኒትም፣ እብጠት የሚያበርደው ስቴሮይድም አይታዘዝም። ድምፅ በ4 ሳምንት ካልተመለሰ ማንቁርት መታየት አለበት። አስጊ ምልክት ካለ ደግሞ 4 ሳምንትም አይጠበቅም። ሲቲ ስካን የሚመጣው ማንቁርት ከታየ በኋላ ነው። የእርስዎ ሐኪም ቅደም ተከተሉን ጠብቋል። ወደ እሱ ለመድረስ 10 ሳምንት መፍጀቱ ነው የሚያሳዝነው።

ያ ካሜራ ምን እንዳሳየው ልንገርዎ፤ ብዙ ታካሚ ምን እንደተደረገለት ሳያውቅ ይወጣል። በሕይወት ያለ ሰውን ማንቁርት በመስታወት ማየትን ያስተዋወቀው የድምፅ መምህሩ ማኑኤል ጋርሲያ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1854 የራሱን ማንቁርት አየ። ዛሬ መስታወቱ በቀጭን ካሜራ ተተክቷል። የምናየው ግን ያንኑ ነው። ሲተነፍሱ ሁለቱ ነጫጭ አውታሮች ይከፈቱና የ«ለ» ፊደልን ቅርጽ ይሠራሉ። «ኢ» ሲሉ መካከል ላይ ይገጥማሉ። አንዱ ሽባ ሲሆን ጤነኛው መጥቶ ይፈልገዋል፤ ያኛው ካለበት አይነቃነቅም። በመካከላቸው ክፍተት ይቀራል። አየሩ የሚያመልጠው፣ ውሃውም ወደ አየር ቧንቧ የሚሾልከው በዚያ ክፍተት ነው። ድምፅዎ አየር አየር ያለው፣ ትን የሚልዎ በአንድ ምክንያት ነው ማለት ነው።

ሙሉ በሙሉ ያልቆመ፣ ደከም ያለ አውታር ግን በአንድ «ኢ» አይያዝም። ስለዚህ «ኢ» ይበሉ፣ በአፍንጫ በኃይል ይሳቡ፣ እንደገና «ኢ»፣ እንደገና ይሳቡ እያልን እናፈጥነዋለን። ከጥቂት ድግግሞሽ በኋላ የደከመው ጎን ወደ ኋላ መቅረት ይጀምራል። እያደር የሚብስ፣ ሲያርፉ የሚመለስ ድካም ከሆነና የዓይን ቆብ መውደቅም ካለ ማያስቴኒያ የሚባለው የጡንቻ መድከም በሽታ ይጠረጠራል። ሌላም ቀላል ነገር አለ፦ ጥልቅ ትንፋሽ ስበው «አ» ብለው በሰዓት ይያዙ። ጤነኛ አዋቂ 15 ሴኮንድና ከዚያ በላይ ይይዛል። አውታሩ የማይገጥም ሰው ብዙ ጊዜ 10 ሳይሞላ ትንፋሹ ያልቅበታል። ቁጥሩን ጽፈው ያስቀምጡ። ወደፊት መሻልዎን ወይም መባስዎን ይነግርዎታል።

አንድ ጥንቃቄ እዚህ ላይ። የማይንቀሳቀስ አውታር ሁሉ ሽባ አይደለም። ነርቩ ጤነኛ ሆኖ የአውታሩ መገጣጠሚያ ሊቆልፍ ይችላል። በጽኑ ሕሙማን ክፍል በጉሮሮ ቱቦ ተደርጎለት የሰነበተ ሰው ከኋላ በኩል ጠባሳ ይሠራበትና ሁለቱ አውታሮች ይያያዛሉ። ቱቦው ሲገባ ትንሿ የማንቁርት ለስላሳ አጥንት ከቦታዋ ልትወልቅም ትችላለች። የመገጣጠሚያ ቁርጥማት በሽታም ይቆልፋል። የማንቁርት ካንሰር ወደ ጡንቻው ሲገባ አውታሩን ይቸነክረዋል፤ ይህ በተለይ በሚያጨሱ ሰዎች ይታሰባል። በካሜራ ሲታዩ ሁሉም «አይንቀሳቀስም» ናቸው። ሕክምናቸው ግን ለየቅል ነው። ለመለየት ወይ በማደንዘዣ አጥንቷን በመሣሪያ ገፋ አድርጎ ማየት፣ ወይ ኢ.ኤም.ጂ የሚባለውን በመርፌ የሚደረግ የጡንቻ ምርመራ መሥራት ያስፈልጋል። እርስዎ ቱቦ ገብቶብዎት ስለማያውቅ ይህ ዝርዝር ከሩቅ ይቆማል። ከወሊድ ጋር በተያያዘ ሙሉ ማደንዘዣ ወስደው ከሆነ ግን ይንገሩት። «ቀዶ ሕክምና» ሲባል ያንን የማይቆጥሩ ብዙ ናቸው።

በዓለም ደረጃ የአንድ ጎን ሽባነት ዋናው ምክንያት ቀዶ ሕክምና ነው። በእኛ አገር ሲወራ እንቅርት ይቀድማል፤ ነርቩ ከታይሮይድ እጢ ጋር ተጣብቆ ነው የሚያልፈውና። ልምድ ባለው እጅ ቋሚ ጉዳት ከ100 ታካሚ 1 ወይም 2 አካባቢ ነው፤ ጊዜያዊው ከዚያ ይበዛል። የአንገት አከርካሪ፣ የልብ፣ የምግብ ቧንቧ ቀዶ ሕክምናም አለበት። እርስዎ ግን አልተሠሩም። አልተሠራሁም የሚል ሰው ሲመጣ ደግሞ ምክንያት ፍለጋው ይጠብቃል እንጂ አይላላም። የምንፈራቸው ነገሮች ከፊት የሚሰለፉት በዚህ ጊዜ ነው።

በእርስዎ ጉዳይ ላይ የማስባቸውን ልዘርዝር። የመጀመሪያው ቲቢ ነው። የላይኛው የሳንባ ክፍል ሲጠባሰስ ነርቩን ይጎትታል፤ ደረት ውስጥ ያበጡ ንፍፊቶችም ይጫኑታል። የሌሊት ላብ፣ ክብደት መቀነስ፣ ከ2 ሳምንት ያለፈ ሳል ካለ አክታ ጂን ኤክስፐርት በሚባለው የቲቢ ምርመራ ይታይ። ከሳምንታት በፊት ታክመው የጨረሱት ቲቢም ሆነ የልጅነት ቲቢ ካለ አይደብቁ፤ ጠባሳው ይቆያል።

ሁለተኛው ልብዎ ነው። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ሲረሳ ስለማየው። ዳገት ስወጣ ትንፋሽ ያጥረኛል ብለዋል። ይህ ከድምፅ አውታሩ ክፍተት ብቻ ሊመጣ ይችላል፤ እያወሩ የሚሄዱ ከሆነ አየሩ ያመልጣል። ግን በአገራችን ሩማቲክ የልብ ሕመም ብዙ ነው። በልጅነት የቶንሲል ሕመም ተከትሎ መገጣጠሚያ ያብጣል፤ ይድናል፤ ይረሳል። ከዓመታት በኋላ በግራ ልብ ውስጥ ያለው ሚትራል የሚባለው ቫልቭ ይጠባል። ደም ወደ ኋላ ይጠራቀማል። ወደ ሳንባ የሚሄደው ትልቁ ደም ቅዳ ይለጠጥና የግራውን ነርቭ ከአኦርታ ጋር አጣብቆ ይጫነዋል። ሰውየው የሚያውቀው ድምፁ መሻከሩን ብቻ ነው። ይህን ግንኙነት እ.ኤ.አ. በ1897 የገለጸው ኖርበርት ኦርትነር የተባለ የኦስትሪያ ሐኪም ነው፤ እስከ ዛሬ በስሙ ይጠራል። ልጅ ሆነው ወር በወር ፔኒሲሊን ይወጉ ነበር? ጉልበትና ቁርጭምጭሚት እየተፈራረቀ ያብጥብዎት ነበር? በሌሊት ትንፋሽ አጥሮዎት ይነቃሉ? ልብዎ በኃይል ይመታል? ለአንዱም አዎ ካሉ፣ አልፎም ለአንዱም አዎ ባይሉ፣ ኢኮ የሚባለውን የልብ አልትራሳውንድ ያስደርጉ። ከሲቲ ስካኑ ይረክሳል፤ ጨረር የለውም። በዕድሜዎ ላለች፣ ዳገት ላይ ለምትደክም ሴት ይህን ሳላይ አላልፍም።

ሦስተኛው ዕጢ ነው። የሳንባ፣ የምግብ ቧንቧ፣ የታይሮይድ ካንሰር። ጠጣር ምግብ እየተቀረቀረብዎ ከሆነ፣ እንጀራውን በውሃ ማወራረድ ከጀመሩ፣ ለሐኪሙ ይንገሩት፤ የምግብ ቧንቧ በካሜራ ይታያል። አንገትዎ ላይ እንቅርት ካለም እንዲሁ። እንቅርት በደጋው አገር የተለመደ ስለሆነ ሰው አይደነግጥበትም። ተራ እንቅርት ግን ትልቅ ቢሆንም አውታርን የሚያቆመው ከስንት አንዴ ነው። እንቅርት ያለበት ሰው አውታሩ ሲቆም ካንሰር እንዳይሆን እጢው በአልትራሳውንድ ታይቶ በመርፌ ናሙና ይወሰዳል። ይህን የምጽፈው ላስፈራራዎ አይደለም። ከእነዚህ አብዛኞቹ ቶሎ ሲገኙ የሚታከሙ ናቸው።

አራተኛው ምክንያቱ ያልታወቀ የሚባለው ነው። ምናልባት ቫይረስ ነርቩን አቁስሎት ይሆናል። ይህ ጥሩው ዜና ነው፤ ብዙዎቹ በወራት ውስጥ በከፊል ወይም በሙሉ ይመለሳሉ። ነገር ግን ይህ ስም የሚሰጠው ተፈልጎ ሲታጣ ነው። ሳይፈለግ «ቫይረስ ነው» ማለት ምርመራ አይደለም። ግምት ነው።

ሲቲ ስካኑ ከራስ ቅል ሥር ጀምሮ የአኦርታ ቅስት እስከሚያልፍ፣ ማለትም እስከ ደረት መካከል መሄድ አለበት። በደም ሥር ቀለም እየተሰጠ ነው የሚነሣው። ማዘዣው ላይ «የግራ የድምፅ አውታር ሽባነት» ተብሎ ይጻፍ። ምስሉን የሚያነበው ሐኪም ነርቩን ተከትሎ እንዲያይ የሚያደርገው ያ ጽሑፍ ነው። «ድምፅ መሻከር» ብቻ ከተባለ ማንቁርቱን አይቶ ሊያቆም ይችላል። እርጉዝ ከሆኑ፣ ኩላሊትዎ የታመመ ከሆነ፣ ቀለሙ ከዚህ በፊት ሽፍታ ወይም እብጠት አምጥቶብዎት ከሆነ አስቀድመው ይናገሩ። ሲቲ ለጊዜው ካልተገኘ የደረት ራጅ፣ የአንገት አልትራሳውንድና ኢኮ ይጀመር። ሆኖም ንጹህ የደረት ራጅ ነጻ አያወጣዎትም። ነርቩ የሚዞርበት ቦታ በራጅ ላይ ከልብና ከደም ሥሮች ጥላ ጀርባ ይደበቃል። «ራጄ ደህና ነው» ብለው እንዳይተዉት። በሌላ በኩል አሥር ዓይነት የደም ምርመራ መደርደርም አይጠቅምም። ደም የሚመረመረው ታሪኩ የሚጠቁመው ነገር ካለ ነው።

የእርስዎ ባይሆንም ይህን የሚያነቡ ሌሎች ስላሉ ሁለት ነገር ልጨምር። አውታር ሳይቆም በተሳሳተ መንገድ የሚንቀሳቀስበት ሕመም አለ። ድምፅ እየታነቀ፣ እየተቆራረጠ የሚወጣ፣ ስልክ ሲያወሩ የሚብስ፣ ሲስቁ ግን የሚለቅ ከሆነ የማንቁርት ዳይስቶኒያ ይጠረጠራል። ይህ የሚያዝዘው የአንጎል ክፍል ችግር ነው፤ ሲቲ ላይ አይታይም። በጆሮ ተሰምቶ፣ በካሜራ ታይቶ ነው የሚታወቅ። ጡንቻን በሚያላላ የቦቶክስ መርፌ ይታከማል። ሌላው ደግሞ ሲተነፍሱ መከፈት ሲገባቸው የሚዘጉ አውታሮች ናቸው። ሰውየው ለዓመታት አስም ነው ተብሎ የሚነፋ መድኃኒት ይሰጠዋል፤ አይሻለውም። ልዩነቱ፣ አስም አየር ማስወጣትን ሲያስቸግር ይኼኛው ማስገባትን ነው የሚያስቸግረው፤ የሚያንቀውም ደረትን ሳይሆን ጉሮሮን ነው። መድኃኒቱ የአተነፋፈስ ሥልጠና ነው።

ከሁሉ አስጊው ሁለቱም አውታሮች ሲቆሙ ነው። የሚያታልለውም እሱ ነው። ሁለቱም መካከል ላይ ተጠጋግተው ስለሚቆሙ ድምፁ ደህና ሊሆን ይችላል። የሚጠበው ትንፋሽ ነው። አየር ሲስቡ ሲር ሲር የሚል ድምፅ ከተሰማ፣ በተለይ ከእንቅርት ቀዶ ሕክምና በኋላ፣ ቀጠሮ አይጠበቅም። በዚያው ሰዓት ድንገተኛ ክፍል ነው።

ወደ እርስዎ ልመለስ። ምክንያቱ እስኪገኝ ቁጭ ብሎ መጠበቅ የለም። ውሃ በትንሽ በትንሹ ይጎንጩ፤ ሲውጡ አገጭዎን ዝቅ አድርገው ፊትዎን ወደ ግራ፣ ወደ ደከመው ጎን ያዙሩ። አጥሚት ከውሃ ይልቅ በቀላሉ ይወርድልዎታል። ትን ካለዎት በኋላ ትኩሳትና አክታ ያለው ሳል ከመጣ የሳንባ ምች ሊሆን ስለሚችል ቶሎ ይታዩ። ክፍል ውስጥ አይጩኹ፤ በኃይል ማንሾካሾክም አይረዳዎትም፤ ጤነኛውን አውታር ያደክመዋል። ወገብ ላይ የሚታጠቅ ትንሽ ማይክሮፎን ከተገኘ ለመምህር ትልቅ ነገር ነው። ዴክሳሜታዞን የሚባለውን ስቴሮይድ ከመድኃኒት ቤት ገዝተው እንዳይወጉ። ተደብቆ ያለ ቲቢ ካለ ያባብሳል፤ ስኳርንም ይጨምራል፤ የቆመን ነርቭ እንደሚያስነሳ ደግሞ ማስረጃ የለም። ዝንጅብልና ማሩ ካስደሰተዎት ይጠጡ፤ ምርመራውን ግን አይተካም።

ሕክምናው ሁለት ፈርጅ አለው። አንደኛው ምክንያቱን ማከም ነው፦ ቲቢን፣ ቫልቩን፣ ዕጢውን። ሁለተኛው ክፍተቱን መዝጋት ነው። የድምፅ ሥልጠና ባለሙያ በአገራችን ጥቂት ነው፤ ከተገኘ ግን ቶሎ ይጀምሩ። ትን ማለቱ ከበረታ ወይም ሥራዎን ካቋረጠብዎ የቆመውን አውታር በመርፌ ጄል ሞልቶ ወደ መካከል ማምጣት ይቻላል። ጄሉ ከወራት በኋላ ሟሟቶ ይጠፋል፤ ነርቩ እስኪመለስ የሚያሻግር ነው። ቋሚው መንገድ ከውጭ በኩል በማንቁርት ለስላሳ አጥንት ላይ መስኮት ከፍቶ አውታሩን በትንሽ ሰው ሠራሽ አካል መግፋት ነው። ይህን ቀዶ ሕክምና በዛሬው መልኩ እ.ኤ.አ. በ1974 ያቀናበረው ጃፓናዊው ኖቡሂኮ ኢሺኪ ነው። እነዚህ በየሆስፒታሉ አይሠሩም፤ ሪፈር መጻፍ ያስፈልግ ይሆናል። ነርቩ እንደተቆረጠ በእርግጠኝነት ካልታወቀ በስተቀር ቋሚው ሕክምና ብዙ ጊዜ ወደ አንድ ዓመት ገደማ ይጠበቃል። በራሱ የሚመለስ ነርቭ ካለ በዚያ ጊዜ ውስጥ ይመለሳልና። ኢ.ኤም.ጂ ከተገኘ ጠቃሚ የሚሆነው ጉዳቱ ከደረሰ ከ1 እስከ 6 ወር ባለው ጊዜ ነው። ተስፋ አለ ወይስ የለም የሚለውን ይጠቁማል፤ ቁርጥ ያለ ፍርድ ግን አይሰጥም።

ስለዚህ እንዲህ ያድርጉ። በዚህ ሳምንት ኢኮውን፣ በተቻለ ፍጥነት የአንገትና የደረት ሲቲውን ያስደርጉ። ደም የቀላቀለ አክታ፣ የክብደት መቀነስ ወይም የአንገት እብጠት ካለ ሲቲው ቀጠሮ ሳይሆን አስቸኳይ ነው። ወደ ከአንገት በላይ ሐኪሙ ሲመለሱ ወረቀቱን ብቻ ሳይሆን ምስሉን በሲዲ ይያዙ፤ ሪፖርቱ የአኦርታን ቅስት አካባቢ ማየቱን ይጠይቁ። አንድ ነገር ከተገኘ መንገዱ ወደዚያው ባለሙያ ነው። ምንም ካልተገኘ በየ2 እና 3 ወሩ በካሜራ ይታዩ። በ6 ወር ውስጥ እንቅስቃሴ ካልጀመረ ወይም በመካከሉ አዲስ ምልክት ከመጣ ምስሉ ይደገም። የመጀመሪያው ሲቲ ላይ ሳይታይ ቀርቶ በኋላ የሚወጣ ትንሽ ዕጢ አለና።